ጠዋት ማርሽ ለሚከብዳችሁ ሁሉ፣ በብርዱ ብቻ አታመካኙ

ኅዳር ከገባ ጀምሮ ማንዋል መኪና የሚነዳ የማውቀው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፣ "ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ይለኛል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ምንም የለውም፣ ምንድነው?" እዛው አጠገቡ ያለ ሰው ደሞ ሳይጠየቅ ይመልስለታል፣ "ብርዱ ነው፣ ሲሞቅ ይተወዋል"። እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። ብርዱ ድርሻ አለው፣ አዎ፣ ግን የአዲስ አበባ ብርድ ብቻውን ጤነኛ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ላይ እንደዛ ክንድ የሚያደክም ነገር አያመጣም፣ ከኋላው ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ነገር ደሞ በጊዜ ካገኛችሁት ብዙ ጊዜ በትንሽ ወጪ ያልቃል፣ "ሲሞቅ ይተወዋል" እያላችሁ ክረምትና በጋ ካሳለፋችሁት ግን ካምቢዮ ማስወረድ ይመጣል።

ይሄን ነገር አሁን አጥብቄ የማወራው ምክንያት ስላለኝ ነው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ አሁን በእጃችን ያለው ኮሮላ፣ ያሪስ፣ ዲኤክስ ምናምን ገና ብዙ ዓመት አብሮን ሊኖር ነው፣ ዕቃውም ከዓመት ዓመት እየተወደደ እንጂ እየረከሰ አይሄድም፣ ስለዚህ ካምቢዮውን መንከባከብ ገንዘብን መንከባከብ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ብርዱ እናውራ። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ የቀኑን ሙቀት ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል፣ ንጋት ላይ 7 እና 8 ዲግሪ የተለመደ ነው፣ አንዳንድ ሌሊትም ከዛ ዝቅ ይላል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ጋቢ ቢደርብ አይፈረድበትም። ለካምቢዮ ዘይት ግን ይሄ ብርድ አይባልም። ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ጉዳይ ስትፈልጉ የምታገኙት ምክር አብዛኛው የካናዳና የሰሜን አውሮፓ ሰዎች የጻፉት ነው፣ እነሱ የሚያወሩት ከዜሮ በታች ስለ 20 እና 30 ዲግሪ ነው፣ እዛ መኪናው ሌሊቱን በረዶ ላይ አድሮ ጠዋት እጀታው ጭራሽ አልነቃነቅ ቢል አይገርምም። እኛ ጋ 7 ዲግሪ ላይ በሁለት እጅ የሚገፋ ማርሽ ካለ ግን ጥያቄው "ብርዱን ምን ላድርገው" መሆን የለበትም፣ "ካምቢዮው ውስጥ ምን አለ" ነው መሆን ያለበት። ትክክለኛ ዘይት ያለበት ጤነኛ ካምቢዮ በኛ ብርድ የሚያሳያችሁ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ትንሽ መክበድ ብቻ ነው።

ውስጡ ምን እንደሚሆን ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ ግልጽ ይሆናል። ማርሽ ስትቀይሩ በተለያየ ፍጥነት የሚሽከረከሩ ሁለት ነገሮች እኩል መሆን አለባቸው፣ ይሄን የሚያስተካክለው ሲንክሮናይዘር የሚባለው ቀለበት ነው፣ ብዙ መኪና ላይ ከነሐስ የተሠራ ነው። እጀታውን ስትገፉት ቀለበቱ የማርሹን ሾጣጣ አንገት ጭብጥ ያደርግና እየተፋተገ ፍጥነቱን ያስተካክላል፣ እኩል ሲሆኑ ነው ጥርሱ ሰተት ብሎ የሚገባው። አሁን ልብ በሉ፣ ቀለበቱ እንዲጨብጥ መሃል ያለውን ዘይት ጨምቆ ማስወጣት አለበት፣ ውስጡ ላይ ቀጫጭን መስመር የተቆረጠበትም ለዚሁ ነው። ዘይቱ ብርድ እንደመታው ማር ከሆነ ቶሎ አይወጣም፣ ቀለበቱ ይንሸራተታል፣ እጀታው መልሶ እጃችሁን ይገፋዋል፣ በግድ ስታስገቡት ደሞ ያ የምታውቁት የጥርስ ፍጭት ይሰማል። በተለይ ወደ ታች ማርሽ ስትመልሱ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቀለበቱ በወፍራም ዘይት የተያዘውን ሻፍት፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ዘንግ፣ ጎትቶ ማፍጠን አለበት። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስሞታው የሚበዛውም በአንደኛና በሁለተኛ መሃል ያለው የፍጥነት ልዩነት ከሌሎቹ ስለሚሰፋ ነው፣ ያ ቀለበት ከሁሉም በላይ ይሠራል።

እዚህ ላይ የኛ ከተማ የራሷን ትጨምርበታለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባህር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት 20 በመቶ አካባቢ ያጣል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ስትወጡ፣ ወይ ከለገሃር ቸርችልን ይዛችሁ ወደ ማዘጋጃ ስትወጡ፣ ሌላ አገር ላይ በሦስተኛ የሚወጣው መኪና እዚህ ሁለተኛ ይጠይቃችኋል። ስለዚህ የአዲስ አበባ መኪና ሁለተኛ ማርሹ ብዙ ይሠራል፣ ቶሎም ያረጃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወፍራም ዘይት። እኛ ጋ የቆየ አስተሳሰብ አለ፣ ዘይት በወፈረ ቁጥር ለካምቢዮ ጥሩ ነው የሚል። ካምቢዮ ድምፅ ሲያሰማ 140 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ጨምርበት ይባላል፣ ይጨመራል፣ ድምፁም እውነት ዝም ይላል። ዝም ያለው ግን ስለተሻለው አይደለም፣ ወፍራሙ ዘይት ያረጀው ኩሽኔታ (ሻፍቱን ይዞ የሚያሽከረክረው ቀለበት) ውስጥ ገብቶ ክፍተቱን ስለሸፈነው ነው። እህቴ ያገለገለ ኮሮላ የገዛች ጊዜ የሆነው ይሄ ነው። ስትገዛው ካምቢዮው ድምፅ የሚባል የለውም፣ ከቀትር በኋላ ነው ያየችው፣ እጀታውም ለስላሳ ነበር። ታኅሣሥ ሲመጣ ግን ጠዋት ከቤት ለመውጣት ከማርሽ ጋ ትግል ሆነ። ተክለሃይማኖት አካባቢ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ አብረን ሄድን፣ ምንም ሳይፈቱ መጀመሪያ ያሉት "ዘይቱን እንየው" ነው። ከስር ያለውን ቡሎን ፈቱት፣ ዘይቱ እንኳን ሊፈስ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"ልጄ፣ መኪናውን የሸጠልሽ ሰው ድምፁን ሊያፍን ነው ይሄን የሞላበት" አሏት።

"ታዲያ ጋሼ፣ ቀጭኑ ሲሞላ ይጮሃል ማለት ነው?"

"ይጮሃል። ከጮኸ ደሞ የሚጮኸውን እንቀይራለን፣ ዝም አሰኝቶ መንዳት ግን ምንም አያተርፍሽም።"

ቀጠን ያለው 75W-90 ዘይት ተሞላ፣ በማግስቱ ጠዋት ማርሹ እንደ ቀትሩ ገባ፣ ድምፁም እሳቸው እንዳሉት መጣ፣ ፍሪሲዮን (ማርሽ ለመቀየር የሚረገጠውን ፔዳል) ስትለቅ ዜሮ ማርሽ ላይ የሚያፏጭ፣ ስትረግጥ የሚጠፋ። እንዲህ አይነት ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከሞተር ወደ ካምቢዮ የሚገባው ሻፍት ኩሽኔታ ነው። ከሶማሌ ተራ ኩሽኔታው ተገዝቶ ተቀየረ፣ መኪናው አሁን በብርድም በሙቀትም አንድ ነው። እኔ የእኚህን ሰው ሥራ በጣም ነው የማከብረው፣ ምክንያቱም ወፍራሙን መልሰው ሞልተው "ብርዱ ነው" ብለው ቢሸኟት ማንም አይጠይቃቸውም ነበር።

ስለ ቁጥሮቹ ትንሽ ላስረዳ፣ ጣሳው ላይ ያለውን ማንበብ የሚችል ሰው አይታለልም። 75W፣ 80W፣ 85W የሚለው ዘይቱ በስንት ዲግሪ ብርድ ላይ እንደተፈተነ ነው፣ 75W ከዜሮ በታች 40፣ 80W ከዜሮ በታች 26፣ 85W ከዜሮ በታች 12። "ታዲያ 85ቱም ለኛ ብርድ ይበቃል" የሚል ይኖራል፣ ግን ፈተናው የሚያየው ዘይቱ ኩሽኔታ ጋ ደርሶ ከመቃጠል ያድናል ወይ የሚለውን ነው እንጂ ማርሽ ይለሰልሳል ወይ የሚለውን አይደለም። ከሰረዙ በኋላ ያለው 90 ወይም 140 ደሞ በሙቀት ጊዜ ያለውን ውፍረት ነው የሚናገረው። 85W-140 የተባለውን ከ75W-90 ጋር ብታወዳድሩት 40 ዲግሪ ላይ ራሱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል፣ እንደየብራንዱ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ወደ 7 ዲግሪ ሲወርድ ደሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ሌላው የሚያሳስተው የካምቢዮ 90ን ከሞተር ዘይት 40 ጋር ማወዳደር ነው፣ መለኪያቸው የተለያየ ነው፣ የካምቢዮ 90 ሲሞቅ ከሞተር 40 እና 50 ጋር ነው የሚቀራረበው፣ ስለዚህ "90 ወፍራም ስለሆነ የሞተር 20W-50 ሙላበት ይቀጥናል" የሚላችሁን አትስሙ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ጂኤል 4 (GL-4) ወይም ጂኤል 5 (GL-5) የሚል የዘይቱን ደረጃ ታያላችሁ። ጂኤል 5 ለዲፈረንሻል ከባድ ጫና ተብሎ ብዙ ሰልፈርና ፎስፈረስ ያለበት ነው፣ አንዳንዱ ነሐሱን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል፣ ባይጎዳው እንኳ በጣም ስለሚያንሸራትት ቀለበቱ አልጨብጥ ሊል ይችላል። ሁለቱንም የሚቀበሉ ካምቢዮዎች አሉ፣ ጂኤል 4 ብቻ የሚሉ አሉ፣ ጭራሽ የአውቶማቲክ ዘይት ኤቲኤፍ የሚጠቀሙ ማንዋሎችም አሉ። የናንተን መኪና የሚያውቀው የመኪናው መጽሐፍ ነው፣ መጽሐፉ ከሌለ የሞዴሉን ፒዲኤፍ ፈልጋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ዘይት ቤት ስትሄዱ ለሻጩ አሳዩት። "ሁሉም ያው ነው" ብሎ ከመለሰላችሁ ሌላ ቤት ሂዱ፣ ሁሉም ያው አይደለም።

ዘይቱን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ፍሪሲዮኑን እዩ፣ ምክንያቱም ጠዋት ማርሽ የሚያከብደው ሁሌ ዘይት አይደለም። ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሁሉንም ማርሽ አንድ በአንድ አስገቡ። በጠፋ ሞተር ለስላሳ ሆኖ ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በጠፋም ሞተር ከከበደ ደሞ ከእጀታው እስከ ካምቢዮው ያለውን ገመድና መገጣጠሚያ እዩ፣ ግራሶው የደረቀ ወይ አቧራ ጠጥቶ የተጣበቀ ገመድ በብርድ ይብስበታል፣ ይሄ ርካሽ ሥራ ነው። ሌላ ፈተና ደሞ አለ፣ ሞተር ተነስቶ መኪናው ቆሞ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ አራት አምስት ሰከንድ ጠብቁና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ብዙ መኪና ላይ የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር የለውም፣ ስለዚህ እየጠበቃችሁም ከተፋጨ ሻፍቱ አልቆመም፣ ፍሪሲዮኑ እየጎተተ ነው ማለት ነው።

በዘይት የሚሠራ ፍሪሲዮን ያላችሁ ኮፈን ከፍታችሁ ፍሪሲዮኑ የሚሠራበትን የፍሬን ዘይት መጠንና ቀለም እዩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ከጠቆረና ከቆየ ማስቀየር ነው፣ ከጎደለ ደሞ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ከስር ፔዳሉ ሥር ያለውን ምንጣፍ በእጅ ዳስሱት። ስለ ምንጣፍ ካነሳን፣ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ የምትደርቡ ሰዎች እባካችሁ አንሱት፣ ፔዳሉ መጨረሻ ድረስ እንዳይወርድ ያደርጋል፣ በዚህ ብቻ ካምቢዮ ሊወርድ የነበረ መኪና አይቻለሁ።

ዘይቱም ፍሪሲዮኑም ደህና ሆኖ የሚቀረው የመጀመሪያ ደቂቃዎች መክበድ አነዳድ ነው። ቆሞ ሞተር ማሞቅ ካምቢዮን ብዙም አያሞቀውም፣ ካምቢዮ የሚሞቀው በመሄድ ነው። በተለይ ጠባብ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስታችሁ ትታችሁ የምትሄዱ፣ ይሄን በጣም አጥብቄ ነው የምለው፣ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው፣ በሩን ከፍታችሁ መኪናውን ወደ ውጭ አውጡት። አስነሱ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ሞተሩን ሳታስጮሁ። ቆማችሁ አንደኛ ካልገባ መጀመሪያ ሁለተኛ ነካ አድርጋችሁ ወደ አንደኛ መልሱት፣ የሁለተኛው ቀለበት ሻፍቱን ስለሚያቆመው አንደኛው ይገባል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስታሳልፉ መሃል ላይ ዜሮ ማርሽ ላይ ትንፋሽ ያህል ቆም በሉ፣ በጣት ግፊት ጠብቁት፣ ራሱ ይገባል። የድሮ ከባድ መኪና ሹፌሮች ፍሪሲዮን ሁለቴ ይረግጡ ነበር፣ ወደ ዜሮ ሲያወጡ አንዴ፣ ወደሚቀጥለው ሲያስገቡ አንዴ፣ ወደ ታች ሲመልሱ ደሞ መሃል ላይ ነዳጅ ሰጥ ያደርጋሉ፣ ይሄ ዘዴ ዛሬም ብርድ ላይ ያለ ካምቢዮን በጣም ያግዛል፣ ወጣት ሹፌሮች ቢለምዱት ደስ ይለኛል።

አንድ ልማድ ግን ቢቀር እወዳለሁ። ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ ማርሽ አድርጎ የሚንከባለል ሰው ብዙ ነው። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳትሰጡት ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይቆርጠዋል፣ ዜሮ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይበላል፣ ስለዚህ ቁጠባም የለውም። ከዛ ታች ሲደርስ ዳገቱ ይመጣል፣ በዛ ፍጥነት፣ በቀዝቃዛ ዘይት፣ ሁለተኛ ማርሽ በኃይል ይወረወራል። ያን ሁሉ ልዩነት የሚሸከመው ያቺ ቀለበት ናት። ፍሬኑ ላይ የሚያመጣው አደጋ ደሞ ለብቻው ነው።

ዘይት ስታስቀይሩ መካኒኮቹ የሚፈስበትን ቡሎን ከመፍታታቸው በፊት የሚሞላበትን እንዲፈቱ ንገሯቸው፣ አንዳንዴ ዝጎ አልፈታ ይላል፣ ከስር አፍስሳችሁ ከላይ መሙያ ካጣችሁ መኪናው እዛው ቀረ ማለት ነው። ሲሞላ ብዙ መኪና ላይ ልኩ ከመሙያው ቀዳዳ ታችኛው ጠርዝ ነው፣ የኮሮላና የያሪስ አይነት ትንሽ ካምቢዮ 2 ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው። የፈሰሰውን ዘይት ሳታዩ አትውጡ። ማግኔቱ ላይ ለስላሳ ግራጫ ጭቃ መሰል ነገር ቢኖር የተለመደ ነው፣ ወርቃማ ብናኝ በዝቶ ዘይቱ ውስጥ ካብለጨለጨ የነሐሱ ቀለበት እየተበላ ነው፣ የብረት ስባሪ ከተገኘ ደሞ ዘይት መሙላት ትርፉ ድካም ነው፣ መፈታት አለበት።

ያገለገለ ማንዋል ልትገዙ ያሰባችሁ ደሞ አሁን ያለው ወቅት ከሁሉም ይሻላችኋል። ቀጠሮውን ጠዋት 1 ሰዓት አድርጉት፣ ሻጩ መኪናውን ሳያስነሳ እንዲጠብቃችሁ ቀድማችሁ ለደላላውም ንገሩት። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፣ ሞቆ ከጠበቃችሁ ያያችሁት ነገር የለም፣ በሌላ ቀን ጠዋት እንምጣ በሉ። ቀዝቃዛ ከሆነ በጠፋ ሞተር ማርሾቹን አስገቡ፣ ከዛ አስነስታችሁ ዜሮ ላይ ፍሪሲዮን እየለቀቃችሁና እየረገጣችሁ ድምፁን ስሙ፣ ከዛ ዳገት ላይ ሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መልሱ። በጣም ጸጥ ያለ ግን ጠዋት የሚታገል ካምቢዮ ካገኛችሁ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የካምቢዮውን ዘይት በናንተ ወጪ እንቀይር በሉት፣ ሻጩ ከፈቀደ በአዲሱ ዘይት እንደገና ነድታችሁ አዳምጡት፣ እንቢ ካለ መኪናው ላይ የኩሽኔታና የሲንክሮናይዘር ሥራ አለ ብላችሁ አስባችሁ ነው ዋጋ መጥራት ያለባችሁ።